አዳፕተሩ ጤነኛ ነው

አዲሱ አንባቢ ግራ እንዳይገባው፣ የቆየውም ክሩን እንዲይዝ፣ እስካሁን የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ልበለውና ልለፍ። ልጅቷ የፍርድ ቤት ድምፅ ገልባጭ ናት። ገልባጭ ሲባል አሸዋ የሚያራግፍ መኪና የሚታየው ሰው አይጠፋም፤ የእሷ ሥራ ግን ችሎት ላይ የተቀዳውን ድምፅ በማዳመጫ እየሰማች ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ሰውዬው ደግሞ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ በሚቆምበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ያገናኘቻቸው የአውራ ጣት አንጓ የምታህል ዕቃ ናት። ከአራት ወር በፊት አዲስ ስልክ ገዝታ፣ ክብ የማዳመጫ ቀዳዳ እንደሌለው ያወቀችው ቢሮ ከደረሰች በኋላ ነበር። ገመድ አልባ ማዳመጫ ሞከረች፤ ባትሪው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያልቃል፣ ድምፁም አፉን በፎጣ የያዘ ሰው የሚያወራ ይመስላል። ጠጋኙ ከመሳቢያው አጭር ጭራ ያላት የዩኤስቢ አዳፕተር አወጣና የቻርጀሩ ቀዳዳ ላይ ሰካት።

«ስልክሽ ድምፁን እያድበሰበሰ ነው የሚያወጣው» አላት። «ይቺ በሆዷ የራሷ የድምፅ መሣሪያ አላት። ስልኩ ጥሬውን ይሰጣታል፣ አብስላ የምታቀርበው እሷ ናት።»

ማዳመጫዋን አዳፕተሯ ላይ ሰክቶ፣ አንድ ቀን ከሱቁ ደጃፍ ራሱ የቀዳውን የመንገድ ድምፅ ከፈተላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«በግራ በኩል አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው አለፈ» አለች። «አይ፣ አላነከሰም። ጫማው ሰፍቶት ነው።»

ጠጋኙ ያንን ቅጂ ዕቃ በሞከረ ቁጥር ሰምቶታል። ጫማ የሰፋው ሰው እንዳለበት ግን አያውቅም ነበር። እዚያው ወደዳት። እሷ ሁለት ሳምንት ፈጀባት፤ እሱንም ቢሆን አመንኩ ለማለት እንጂ ልቧ ቀደም ብሎ ሄዷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የፍርድ ቤቱ ግቢ ሁሉ ስለ ሁለቱ ሲያወራ የመጨረሻዋ ሰሚ እሷ ሆነች። አባቷ እንኳ ቀድመዋት ሰምተው፣ ጋዜጣቸውን ሳያጥፉ «ያ ስልክ ጠጋኝ በሬ ላይ እንዳላየው» ብለው ጨርሰዋል። የዳኛ ቤት ይግባኝ የለውም።

* * *

ዕቃው የተበላሸው ሰኞ ጠዋት ነው። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ብላ አምናለች። ቅዳሜ ከእንቅልፏ ስትነሳ ግራ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ የተወተፈ መስሏት ነበር፤ እናቷ «ጉንፋን ነው፣ ራስሽን ሸፍኚ» ብለዋት ሸፍና ውላለች።

የችሎቱ ድምፅ የሚቀዳው በሁለት ማይክሮፎን ነው። የጠያቂው በቀኝ ማዳመጫ፣ የምስክሩ በግራ ይመጣል፤ ሁለት ሰው እኩል ሲናገር ማን ምን እንዳለ ለመለየት እንዲመች ነው። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ፋይሏ የአንዲት አሮጊት ምስክርነት ነበር። ጠበቃው «በሩን ማን ከፈተው?» ይላል። ዝም። «ሰውዬውን ያውቁታል?» ይላል። ዝም። ምስኪን፣ ፈርተው ነው ብላ አዘነችላቸውና በቅንፍ «ምስክሯ ዝም አሉ» ብላ ጻፈች። አሥራ አንድ ጊዜ ጻፈችው። ፋይሉን አስረክባ ሁለተኛውን ከፈተች።

ሁለተኛው ምስክር ትራፊክ ፖሊስ ነበር። ስሙን ተጠየቀ፣ ዝም አለ። ማዕረጉን ተጠየቀ፣ ዝም አለ። የገዛ ስሙ የሚጠፋበት ትራፊክ ፖሊስ በዓለም ላይ የለም።

በእሷ ሥራ ላይ ያለ ሰው አንደኛው ጎን ዝም ሲል መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፤ ማዳመጫውን አገላብጦ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ያደርጋል። ዝምታው አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የዕቃው ነው። ይህን ለአዲስ ገቢ ሁሉ ስታስተምር የኖረችው እሷ ናት። ያን ቀን ግን እጇ እምቢ አለ። ማዳመጫውን አውልቃ፣ ገመዱን ጠቅልላ፣ ሳታገላብጠው ወደ ጠጋኙ ሮጠች።

«ግራው ሞቷል» አለችው ገና ከበሩ።

ጠጋኙ ማዳመጫውን ራሱ አድርጎ ሰማ። ሌላ ስልክ ላይ ሰክቶ ሰማ። ከዚያ «ትንሽ አቧራ ይዞታል» አለና በጨርቅ ጠራርጎ በሁለት እጁ ጆሮዋ ላይ አደረገላት። ጣቱ ፀጉሯን ነካ። በሌላ ቀን ቢሆን በዚያች ንክኪ አንድ ሳምንት ትኖርባት ነበር።

«አሁንስ?»

«ግራው አሁንም ዝም ነው።»

አያት። ሁልጊዜ ሲያያት ሊስቅ የሚዳዳ ዓይን ነበረው፤ ያን ቀን የታየው ሌላ ነው። ዓይኑ ከግራ ጆሮዋ ወደ ፊቷ፣ ከፊቷ ወደ ጠረጴዛው ሄደና እዚያው ቀረ። እሷም ከንፈሩን ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ ለራሷ እንኳ አልነገረችም፤ ብቻ «ዕቃው ነው» እንዲላት በሆዷ ትለምነው ነበር።

«አዳፕተሯ ናት» አለ በመጨረሻ። «የግራ መስመሯ ተቃጥሏል። አዲስ አዝዝልሻለሁ፣ ሳምንት አይፈጅም። እስከዚያው ስልኩ ሁለቱንም ድምፅ ቀላቅሎ እንዲያወጣ አድርጌልሻለሁ። በቀኙ ብቻ ሁሉንም ትሰሚያለሽ፣ ሥራሽ አይቆምም።»

ትንፋሿ መለስ አለ። ሊያቅፋት የሚችል ሰው ቢሆን፣ ደጁም መንገድ ባይሆን፣ አንገቱ ላይ ትጠመጠም ነበር። እሱ ግን መፍቻውን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳ። አንድ ቀልድ እንኳ ሳይወረውር ሸኛት። ደክሞት ይሆናል ብላ፣ ቅር እያላት ሄደች።

* * *

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እሷ ናት የምታውቀው። ሥራዋ በእርግጥ አልቆመም፤ በአንድ ጆሮ ጠያቂም ምስክርም ይመጣላታል። የሚያስፈራት ማዳመጫውን ካወለቀች በኋላ ያለው ነው። ግራ ጆሮዋ ውስጥ ባዶ ፍሪጅ የሚመስል ነገር ያለማቋረጥ ይጮኻል። ገበታ ላይ ወትሮ ከምትቀመጥበት ተነስታ፣ ሁሉም ሰው በቀኟ እንዲሆንላት የጠረጴዛው ዳር ላይ መቀመጥ ጀመረች። እናቷ ለምን ሲሏት «መስኮቱ ይነፍሳል» አለች። ስልክ ሲጠራ እጇ ሳታዘው ወደ ቀኝ ይወስደዋል። ያን ሁሉ እያየች እንዳላየች ታልፈዋለች። ጠጋኙ ዕቃው ነው ብሏል። እሱ የዋሸበት ቀን የለም።

ሐሙስ ዕለት መንገድ ስትሻገር ጥሩምባ ሰማች። ከየት እንደመጣ ግን አላወቀችም። ከኋላ ይሁን ከፊት፣ ከግራ ይሁን ከቀኝ፣ ድምፁ ከሰማይ የወረደ ይመስል አቅጣጫ አጣችለት። መሃል መንገድ ላይ ተገትራ ቀረች። አንድ ሚኒባስ ቀሚሷን ሊነካት አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «እህቴ፣ አትሰሚም እንዴ?» አላት። ስድብ አልነበረም፣ ሰውዬው ደንግጦ ነው። እሷ ግን ተሻግራ አጥር ተደግፋ ቆመች። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ የፈራችውን ነገር ስሙን መጥራት ራሱ ፈርታለች።

በሚቀጥለው ሰኞ የክፍሉ ኃላፊ ጠሯት። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እቴቴ የሚላቸው፣ ሰው ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሴት ናቸው። የዚያን ቀን ድምፃቸው በጣም ቀንሶ ስለነበር ጎንበስ ብላ በቀኟ መስማት ነበረባት።

«የችሎቱ ዳኛ ይህን መለሱት» አሉ፣ የአሮጊቷን ምስክርነት እያስጠጉላት። «አሥራ አንድ ጊዜ ዝም አሉ ብለሻል። ሴትዮዋ አሥራ አንዱንም መልሰዋል፣ ያውም ጥርት አድርገው። እኔ ራሴ ሰማሁት።»

ወረቀቱን በጣቷ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ልጄ፣ አንቺን አውቅሻለሁ። ሰው ግን ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። አንደኛው ወገን አግባብቷት ነው ይላል።»

«እቴቴ፣ አዳፕተሩ ነው» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ተሽቀዳድሞ ወጣ። «የግራ መስመሩ ተቃጥሎ ነበር። ያየው ጠጋኝ ይመሰክርልኛል።»

«በጽሑፍ ያምጣ። እስከ ነገ ጠዋት።»

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለጠጋኙ መልእክት ላከች። አዳፕተሩ የተበላሸ ስለመሆኑ ሁለት መስመር ብቻ ጽፎ እንዲፈርምላት ለመነችው። «የእንጀራ ገመዴ ባንተ እጅ ነው» አለችው። ልካው ስታበቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ልቧ ትንሽ አረፍ አለ። እሱ ካለ ምን ይመጣል ብላ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥበቃው ፖስታ ይዞላት መጣ። «ያንቺው ሰው ነው፣ እየሮጠ ሰጥቶኝ እየሮጠ ሄደ» አላት፣ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ። ፖስታውን ፈገግ ብላ ቀደደችው። ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ነው፤ ፊቱ ላይ በትልልቁ ተጽፏል።

«አዳፕተሩ ጤነኛ ነው። አንድም ጉድለት የለበትም። ባለፈው ሰኞ ተቃጥሏል ያልኩት ውሸቴን ነው።»

ከታች ፊርማውና የሱቁ ማኅተም አለ። ማኅተሙን ስታይ ቆሌዋ ተገፈፈ። ለሱቁ ስም ብሎ ነው። የተበላሸ ዕቃ ሸጠ እንዳይባል፣ በማኅተም አስመስክሮ እሷን ለጅብ ሰጣት። ወረቀቱ ከጀርባውም ተጽፎበት እንደነበር በቀለሙ ያስታውቃል። አልገለበጠችውም። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ስልኩ ሲጠራ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ስድስት ጊዜ ጠራ። በሰባተኛው ቁጥሩን ዘጋችበት።

* * *

ቤት ስትደርስ አባቷ ሳሎን ጋዜጣ ያነባሉ፣ እናቷ ቁልፍ የተበጠሰበት ሸሚዝ ይዘዋል። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የለመደችው የጠረጴዛ ዳር ላይ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ እናቷ ወደ በሩ ዞር ሲሉ አየች። የደወሉን ድምፅ እሷ አልሰማችም።

አባቷ ሄደው ከፈቱ። ደጁ ላይ የቆመው ጠጋኙ ነው። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ የሥራ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም።

«ጋሼ፣ በርዎ ላይ እንዳልቆም ማለትዎን አውቃለሁ» አለ። «ከዚህ በኋላ አልቆምም። ዛሬ ብቻ ይስሙኝ።»

«ምን አለህና?» አሉ አባቷ።

እሷ ተነሳች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የያዛት ፍርሃት ቁጣ ሆኖ ወጣላት፤ ቁጣ ይቀላል።

«ምን ልትጨምር መጣህ? ማኅተምህን አይደል የመታኸው? ለአንዲት አዳፕተር ስም ስትል እኔን አሳልፈህ ሰጠኸኝ።»

«ጀርባውን አላነበብሽውም?»

«ፊቱ ይበቃኛል።»

አባቷ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው» አሉ። «ሁለቱንም ገጽ ሳላነብ የፈረድኩበት ቀን የለም።»

ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። አባቷ ፊቱን አነበቡና ቅንድባቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ገለበጡት። ጀርባውን አንዴ አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ከጀርባዋ ዞረው በግራዋ በኩል ቆሙ። እሷ ጠጋኙን ነው የምታየው፤ እሱ ደግሞ አንገቱን ደፍቷል። ቤቱ ውስጥ ምንም ድምፅ አልነበረም። እናቷን ስታይ ግን ሸሚዙ ከእጃቸው ወድቆ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል።

«ምንድን ነው?» አለች። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

አባቷ ከግራዋ መጥተው ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ» አሉ። «በሕፃንነትሽ በምጠራሽ ስም።»

ወንበሩን ያዘች። እንግዲህ መሸሻ አልቀረም፤ ለዘጠኝ ቀን ስሙን ያልጠራችው ነገር በገዛ አባቷ አፍ ተጠራ። እጇ ወደ ግራ ጆሮዋ ሄዶ ሸፈነው። የሚሸፈን ነገር እንደሌለው እያወቀች ሸፈነችው።

«ከቅዳሜ ጀምሮ ነው» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ልጅ ቀጠነ። «ማዳመጫውን አላገላበጥኩትም። ለሰው ሁሉ አገላብጡት እያልኩ እኔ አላገላበጥኩትም። ፈርቼ ነው አባዬ።»

ከዚያ ወደ ጠጋኙ ዞረች። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«ጀርባው ላይ ጽፌዋለሁ። ስጠርገው አገላብጬ ነበር ያደረግሁልሽ» አለ። «ቀኙ በግራሽ ነበር። ዕቃው ቢሆን ኖሮ ቀኙ ሞተ ትዪ ነበር። ግራው ነው አልሽኝ።»

«እና ዝም አልክ።»

«ፊትሽን አየሁት። ጆሮሽ ነው ልልሽ አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣ አለኝ። ዕቃ ነው ስልሽ ተነፈስሽ። እኔ ምኑን አውቄ፣ ጉንፋን ነው፣ በሁለት ቀን ይለቃታል አልኩ። ሁለቱን ድምፅ በአንድ ያደረግሁልሽም ለዚያ ነው፣ እንዳትጨነቂ።» ምራቁን ዋጠ። «ዛሬ ጠዋት አንዲት ሲስተር ስልካቸውን ሊያሠሩ መጡ። ሆስፒታል፣ የጆሮ ክፍል ነው የሚሠሩት። ስለ ሌላ ሰው አስመስዬ ጠየቅኳቸው። ድንገት የሚዘጋ ጆሮ መድኃኒት በጊዜ ከጀመረ ይመለሳል፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው፣ ከዚያ ካለፈ ግን ተስፋው ይመነምናል አሉኝ። ቀኑን ቆጠርኩት። ዘጠኝ። ከዘጠኙ ሰባቱን የበላሁብሽ እኔ ነኝ።»

ላቡን በሽርጡ ጠረገ። ሲቀጥል ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

«ሥራሽ እንዳይበላሽ ብዬ ሌላ ውሸት ልጽፍልሽ እችል ነበር። ነገ ዕቃው ነው ብለው ያምኑሻል፣ አንቺም ታምኛለሽ፣ አምስቱም ቀን ያልቃል። ጥሪኝም አትጥሪኝም። ጠዪኝ። ብቻ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሲስተር አንደኛ ተራ ይዘውልሻል።»

ልትመታው ፈለገች። ደግሞ ሸሚዙን ይዛ ደረቱ ላይ ልታለቅስ ፈለገች። ሁለቱም ስሜት በአንድ ጊዜ መጥቶባት የትኛውን እንደምታስቀድም ሳታውቅ ቆማ ቀረች። ከሁለቱ በላይ ግን ፍርሃቱ ነበር።

* * *

በማግስቱ ጠዋት በስፖንጅ በተለበጠ፣ አንድ ሰው ብቻ በሚይዝ ክፍል ውስጥ አስቀመጧት። በሩ ሲዘጋ ዓለም ጠፋ። በትንሿ መስታወት በኩል መርማሪዋ፣ ከኋላዋ አባቷ፣ ከአባቷ ኋላ ደግሞ ከግድግዳው ላለመራቅ የተጠነቀቀው ጠጋኙ ይታያሉ። ማዳመጫው ቀዩ በቀኝ፣ ሰማያዊው በግራ ነው። እጇ ላይ የሚጫን ቁልፍ ሰጥተዋታል፤ ትንሽም ብትሆን ድምፅ በሰማሽ ቁጥር ተጫኚ ብለዋታል።

ቀኙ ደህና ነበር። የትንኝ ክንፍ የሚያህለውን ሁሉ ሰምታ ተጫነች። ከዚያ መርማሪዋ ወደ ግራ ዞረች።

ዝም።

መርማሪዋ መዘውሩን ስታዞር ትታያለች። ዝም። እንደገና አዞረች። በመስታወቱ ውስጥ ሦስት ፊት እጇን እየተመለከተ ነው። ሐሳቡ የመጣላት ያኔ ነው፤ ዝም ብዬ ብጫንስ? ማን ያውቅብኛል? አንድ ጊዜ ብትጫን የአባቷ ትከሻ ከተሰቀለበት ይወርድላቸዋል፣ ያም ሰው ከግድግዳው ይላቀቃል። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ከበደ። አሥራ አንድ ጊዜ ያልሆነውን ሆኗል ብላ ጽፋለች። ጣቷን አነሳች። እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዶ ሲንጠባጠብ እንኳ አልጠረገችውም፣ እጇ ከተንቀሳቀሰ የተጫነች ይመስላቸዋል ብላ።

መዘውሩ መጨረሻው አካባቢ ሲደርስ፣ ከሩቅ፣ ከሌላ ሰው ቤት፣ አንድ ነገር ወደቀ። ተጫነች። መርማሪዋ ቀና አለች። ደገመችው። ተጫነች።

ሐኪሙ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው። «ሙሉ በሙሉ አልሞተም» አለ። «በመጀመሪያው ቀን ብትመጪ ደስ ይለኝ ነበር። አሁንም አልረፈደም፣ ግን ቃል አልገባልሽም። መድኃኒቱን ዛሬ እንጀምራለን። ሁሉም ሊመለስ ይችላል፣ ግማሹ ሊመለስ ይችላል፣ ምንም ላይመለስም ይችላል። በየሳምንቱ እየለካን እናያለን።» ለመሥሪያ ቤቷ የሚሆን ወረቀትም ጻፈላት። አሮጊቷ ዝም አለማለታቸውን፣ ዝም ያለው የእሷ ጆሮ መሆኑን የሚናገር ወረቀት ነው፤ እቴቴ ምን እንደሚሏት ለማሰብ ግን ልብ አልነበራትም።

ኮሪደሩ ላይ መድኃኒቱ እስኪመጣ ሦስት ወንበር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እሷ መሃል ሆነች፣ አባቷ እንደ ልማዳቸው በቀኟ። ግራው ወንበር ባዶ ነው። ጠጋኙ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ሂድ ያለው የለም፣ ተቀመጥ ያለውም የለም። ሽርጡን ዛሬ አውልቋል። እጆቹን የሚያደርግበት ጠፍቶት ወደ ኋላ አጣምሯቸዋል።

አባቷ ብዙ ከቆዩ በኋላ ተነሱ። መሄዳቸው መስሏት ደነገጠች። ዞረው ግራዋ ላይ ተቀመጡ።

«ና» አሉት ጠጋኙን፣ ባዶውን የቀኝ ወንበር በአገጫቸው እያሳዩ። «እዚህ ተቀመጥ። እኔ የምላትን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብያታለሁ። ያንተ ገና ነው።»

ጠጋኙ መጣ። ወንበሩ የሚሰበር ይመስል ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ እሷም አላስቸኮለችውም። ይህኛው ዝምታ በደህናው ጆሮዋ በኩል ስለሆነ እያንዳንዱን ትንፋሹን ታደምጠዋለች። እወድሻለሁ የሚል መስሏት ነበር። መልሷንም አሰናድታ ነበር፤ ቁጣዋ ገና አልበረደምና ከባድ መልስ ነበር።

«በጣም ፈርቻለሁ» አላት።

ያሰናዳችውን መልስ ተወችው። «እኔም» አለች። «በፍርሃት ሞቼ ነው ያለሁት።» እጁን ፈልጋ ያዘችው። አሁንም ተቀይማዋለች፣ ግን ያዘችው።

ያን ጊዜ ነው በግራዋ በኩል ሌላ እጅ ጣቶቿን ሲነካት የተሰማት። ዞር ሳትል በዓይኗ ጠርዝ አየች። አባቷ ወደ መሬት እያዩ ይናገራሉ። የምለውን ሁሉ ብያለሁ ያሉት ሰው፣ በማይሰማው ጆሮዋ በኩል፣ ከንፈራቸው ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። አንዲት ቃል አልደረሳትም። ዞራ ደህናውን ጆሮ ብታቀርብላቸው ዝም እንደሚሉ ስለምታውቅ አልዞረችም። መድኃኒቱ ካልሠራ፣ ዛሬ እዚህ አግዳሚ ላይ የተባለውን መቼም አታውቀውም። ይህን ስታስብ ከሁሉም የከፋው ፍርሃት መጣባት፤ የአባቷን እጅ አጥብቃ ያዘች።